ፊቱን አትንኩት

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ካለችው ኮለምበስ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ ጎተራው ደጃፍ ስደርስ ሰውየው ሊሸጥልኝ ያለውን መስፍ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ጠበቀኝ። ትናንት ማታ የቀባው ነው፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። «ፎቶ ላይ እንዲያምር ብዬ ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። እኔ ውስጤ ቅጥል አለ። አሮጌ መስፍ ሊሸጥ ብሎ ቀለም የሚቀባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የዋህ ነው፣ ሌላው የሚደብቀው ነገር አለው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከፍላችሁ፣ ወገባችሁ እስኪቀነጠስ መኪና ላይ ጭናችሁ፣ ቤት ወስዳችሁ ቀለሙን እስክታነሱት ድረስ አታውቁም።

መስፍ ያልኩት ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስደግፎ የሚቀጠቅጥበትን ነው። አዲስ አበባ ያደጉ ጓደኞቼ ቃሉን ስነግራቸው ፍጥጥ ይሉብኛል። «ካርቱን ላይ ከሰማይ ወርዶ ድመቷን አናቷን የሚላት ብረት» ስላቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ሥራዬ የመጋዘን ማሽን ጥገና ነው፣ የሌሊት ሽፍት። በኮሮና ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዩቲዩብ ላይ ከአሮጌ ባለስትራ ቢላ የሚያወጡ ሰዎችን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ምድጃ ገዛሁ። ከዚያ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞርሳ። ባለቤቴ «ሌላው ሰው እኮ ዳቦ መጋገር ነው የጀመረው» አለችኝ። እውነቷን ነው። መስፍ ግን አልነበረኝም፤ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ነበር የምቀጠቅጠው። ቁራጩ በመታሁት ቁጥር ይዘላል፣ እኔም አብሬ እዘላለሁ።

ስለ አረንጓዴው ከመናገሬ በፊት ስለ መጀመሪያው መስፌ ልናዘዝ። ኃጢአት ስለሆነ ነው ልናዘዝ ያልኩት።

ፒተር ራይት ነበር። እንግሊዝ አገር ደድሊ ከሚባል ቦታ የወጣ፣ በቀጥቃጮች ዘንድ ስሙ የተከበረ። ጎኑ ላይ የሠሪው ስም ተመትቷል፣ ከስሙ አጠገብ ደግሞ በክብ «ሶሊድ ሮት»፣ ማለትም ወጥ ሆኖ የተቀጠቀጠ፣ የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ባይኖር እንኳ የዚህ ቤት መስፍ በእግሩ ይታወቃል። ከፊትና ከኋላ ባሉት እግሮቹ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ እርከን አለችው፤ ለምን እንደተሠራች አላውቅም፣ ግን አንዴ ካያችኋት ከሩቅ ትለዩታላችሁ። የእኔው ላይ «ኢንግላንድ» የሚልም ተመትቶበት ነበር። ይህቺ አንዲት ቃል ዕድሜ ትናገራለች። አሜሪካ በፈረንጆች 1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም ይጻፍበት ስላለች፣ ቃሉ ያለበት መስፍ ከ1891 ወዲህ የመጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ቀረጥ ሰብሳቢ ሳያስበው የታሪክ ጸሐፊ ሲሆን ደስ ይላል።

ሻጩ ሴትዮ ናቸው፣ የአባታቸውን ጋራዥ እያጸዱ። ጎኑ ላይ 1 1 7 የሚሉ ቁጥሮች አይተው «117 ፓውንድ ነው፣ በፓውንድ 4 ዶላር» አሉኝ። እኔም ያኔ የማውቀው ነገር ስላልነበረ 468 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁ። መኪናዬ ላይ ስጭነው ነው «ይሄ ነገር 117 ፓውንድ ነው እንዴ?» ያልኩት። አልነበረም። የድሮ እንግሊዞች ክብደትን በሦስት ቁጥር ነበር የሚጽፉት። የመጀመሪያው ቁጥር በ112 ፓውንድ ይባዛል። መካከለኛው በ28። የመጨረሻው እንዳለ ይደመራል። መካከለኛው ከ3 አይበልጥም፣ የመጨረሻው ከ27 አያልፍም። ስለዚህ 1 1 7 ማለት 112፣ ሲደመር 28፣ ሲደመር 7፣ 147 ፓውንድ፤ ወደ 67 ኪሎ ገደማ። በፈረሱላ ቡና ሲመዘን ያደገ ሰው በዚህ ሊስቅ አይገባውም፣ እኛም 17 ኪሎን አንድ ብለን ነው የምንቆጥረው።

30 ፓውንድ በነጻ አገኘሁ ማለት ነው። በነጻ ያገኘሁትን ደግሞ በገንዘቤ አስፍቄ ጣልኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ፊቱ፣ ማለትም መዶሻ የሚያርፍበት ጠፍጣፋው ላይኛው ክፍል፣ መሐሉ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ጠርዙ እዚህም እዚያም ተሸራርፏል። እኔ የማሽን ሰው ነኝ፤ ያልተስተካከለ ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩትና ሚሊንግ ማሽን ላይ አስተካክሉልኝ አልኳቸው። እነሱም አስተካከሉ። ስቀበላቸው ፊቱ እንደ መስታወት ሆኖ አፍጥጦ ያየኛል። ፎቶ አነሳሁት። ለሰው ሁሉ ላክሁ። ለእናቴ ሳይቀር።

ቤት ወስጄ በመዶሻ ስነካው ከተረከዙ፣ ማለትም ከኋላው ጫፍ በኩል፣ መዶሻው መለስ አላለም። ጭቃ የመታሁ ነው የመሰለኝ።

ያላወቅሁት ምን ነበር መሰላችሁ? የእነዚህ መስፎች አካል ለስላሳ ብረት ነው። ከላይ ያለው ብቻ ነው ጠንካራ ስቲል፣ ውፍረቱም ግማሽ ኢንች ገደማ። ያንን የስቲል ሰሌዳ ከአካሉ ጋር ያያያዘው ዛሬ የምናውቀው ብየዳ አይደለም። ሁለቱንም ነጭ እስኪሆኑ አግለው፣ ብዙ ሰው ከቦ በትልልቅ መዶሻ እየተፈራረቀ ቀጥቅጦ ነው አንድ ያደረጋቸው። ከዚያ ብዙ ውሃ ባንዴ እየለቀቁበት ፊቱን አጠነከሩት። እንግዲህ በእጅ የተቀጠቀጠ ነገር ታቹና ላዩ ልክ ለልክ ትይዩ አይሆንም። ማሽኑ ላይ ደግሞ የሚቀመጠው በታቹ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ፊቱን ቀጥ ለማድረግ ከአንዱ ጫፍ 1 ሚሊ፣ ከሌላው ጫፍ 5 ሚሊ ላጠው። ያ አምስት ሚሊ የመስፉ ዕድሜ ነበር። ጎድጓዳው እኮ ምንም አላጠፋም፤ ያውም የተጣመመ ብረት ለማቃናት ሰዎች ጎድጓዳውን ፈልገው ነው የሚጠቀሙበት! መቶ ዓመት ሰው ሲመታው ያልበላውን በአርባ ደቂቃ በልተን ጨረስነው። ቶርኖ ቤቱን አልወቅስም። ያዘዝኳቸውን ነው ያደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሳነብ ደግሞ የማይጠበቅ ነገር አገኘሁ። የምኖርበት ከተማ መስፍ ይሠራ ነበር! አሥራ ሁለት ዓመት ኮለምበስ ኖሬ፣ ስንት እንጀራ ቤት፣ ስንት ቡና ቤት አውቄ፣ ይህን አልሰማሁም። ያውም አንድ አይደለም፣ ሁለት ፋብሪካ። አንደኛው ትሬንተን የሚባለውን ያወጣ ነበር፤ በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ስሙ የተጻፈበት፣ ሲገለበጥ ታቹ እንደ መድኃኒት እንክብል ሞላላ ጉድጓድ ያለው። ሁለተኛው አርም ኤንድ ሀመር የሚባለውን፤ መዶሻ የጨበጠ ክንድ ያለበትን። ሁለቱም የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ ትሬንተን ከተማ ያለው ኒው ጀርሲ ነው። ትሬንተን የሚባለው መስፍ ግን ኮለምበስ ነበር የሚሠራው። እውነተኛዋ ትሬንተን ከተማ ውስጥ ይሠራ የነበረው ደግሞ ፊሸር ይባላል። ደሴ ላይ ጎንደር ሆቴል እንደማግኘት ነው። ፊሸር ሌላ ጉድ ነው፤ ንስር አለበት፣ አካሉ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ስትመቱት አይጮህም። ብዙ ጀማሪ «ድምፅ የለውም፣ የተሰነጠቀ ነው» ብሎ ትቶት ይሄዳል። ተሳስቷል። ፊሸር ዝምተኛ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም፤ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ያለ እሱ ምርጫ የለም።

ወደ አረንጓዴው ልመለስ።

ሰውየው ማስታወቂያው ላይ «ቩልካን» ብሎ ነው የጻፈው። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ጎኑ ላይ መዶሻ የያዘ ክንድ አለ፣ ቩልካንም መዶሻ የያዘ ክንድ አለው። ቩልካን ኢሊኖይ ውስጥ ካርፐንተርስቪል የሚባል ከተማ የተሠራ ነው፤ አካሉ የፈሰሰ ብረት፣ ከላዩ ስቲል የለበሰ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። የኮለምበሱ አርም ኤንድ ሀመር አካሉ የተቀጠቀጠ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለቱን የሚለየው ቀላል ነገር ነው። ቩልካን ሲፈስ ነው ክንዱ የሚወጣው፣ ስለዚህ ሥዕሉ ወደ ውጭ ያበጠ ነው። የአርም ኤንድ ሀመር ክንድ ግን በማህተም የተመታ ነው፣ ወደ ውስጥ የሰመጠ። ቀለሙ ወፍራም ስለነበር በዓይን አይለይም። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ሰምጧል።

ዝም አልኩ።

ይህን ስጽፍ ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን ዝም አልኩ። «450 ዶላር» አለ፤ «እሺ» አልኩ። መቼም ሰውየው ጠይቆኝ አልዋሸሁም፣ ብዬ መንገዱን ሙሉ ራሴን ሳጽናና ነበር የነዳሁት።

ከመክፈሌ በፊት ግን የኩሽኔታ ብይ ከኪሴ አወጣሁ። አንድ ኢንች ስፋት ያላት፣ ከሥራ ቦታ ከተጣለ ኩሽኔታ የወሰድኳት። አሮጌ መስፍ ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ ከገንዘብ ቦርሳችሁ ቀጥሎ የምትይዙት ይህቺን ነው። ከአሥር ኢንች ከፍታ ትለቋታላችሁ። ሰባት፣ ስምንት ኢንች ተመልሳ ከዘለለች ፊቱ ጤነኛ ነው። አምስት እንኳ ካልሞላች ወይ ፊቱ እሳት ነክቶት ለስልሷል፣ ወይ የስቲሉ ሰሌዳ ከሥሩ መላቀቅ ጀምሯል። አንድ ቦታ ብቻ አትሞክሩ፤ ከቀንዱ፣ ማለትም ከፊት ከሾለው ጫፉ፣ ሥር እስከ ተረከዙ ድረስ እያንዳንዷን ጣት ታህል ቦታ። ሰውየው «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ፣ ሜዳ ላይ ብይ የምጫወት ነው የመሰልኩት። በሁሉም ቦታ ሰባት ተኩል ዘለለች። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አደረግሁት፣ ጠራ ያለ የደወል ድምፅ ሰጠኝ። ጋራጋራ የሚል ድምፅ ብሰማ ኖሮ ጥዬው እሄድ ነበር።

ያልያዝኩት ማግኔት ነው። ብይ ይዤ ማግኔት መርሳቴን አሁን ታዩታላችሁ።

ቤት ደርሼ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ነከርኩት። ውሃ፣ የልብስ ሶዳ፣ የመኪና ባትሪ ቻርጀር። ኔጌቲቩ መስፉ ላይ፣ ፖዘቲቩ ሊጣል በተዘጋጀ ፌሮ ላይ። ኤሌክትሪኩ ዝገቱን ከብረቱ እያላቀቀ ያወጣዋል፣ ጤነኛውን ብረት ግን አይበላም፤ ለዚህ ነው ከግራይንደር የምመርጠው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ደጅ ይሁን፣ ምክንያቱም የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ይወዳል። ፖዘቲቩ ላይ ደግሞ በምንም ምክንያት የማይዝግ ብረት እንዳታስሩ፤ የሚወጣው የክሮሚየም መርዝ ነው።

ሶዳውን ስጨምር ሳቄ መጣ። ቢጫዋ ካርቶን ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁት ታውቃላችሁ? መዶሻ የያዘ ክንድ። አርም ኤንድ ሀመር። የሶዳው ኩባንያና የመስፉ ፋብሪካ አይተዋወቁም፣ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። አስገራሚው ግን የሶዳው ክንድ ከየት እንደመጣ ነው። መጀመሪያ ቩልካን የሚባል የቅመም ወፍጮ ቤት ምልክት ነበር፤ ቩልካን ደግሞ የሮማውያን የቀጥቃጮች አምላክ። እንግዲህ ሻጩም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፣ ዞሮ ዞሮ ሁሉም የቩልካን ክንድ ነው። ለባለቤቴ ይህን ሁሉ በጉጉት ሳስረዳት «ሶዳዬን ጨረስከው» ብቻ ነው ያለችኝ።

በሁለተኛው ቀን አረንጓዴው ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተላጠ መጣ። ከሥሩ ግራጫ ቀለም። ከሥሩ ዝገት። በግራ በኩል ካለው ጠርዝ ግን አንድ ቁራጭ አብሮ ወደቀ። ቁራጩን አነሳሁት። ቀላል ነው። ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ስቱኮ። የመኪና አካል ተጋጭቶ ሲጎደጉድ የሚሞላበት ስቱኮ! የተሸራረፈውን ጠርዝ በስቱኮ ሞልቶ፣ አሸዋ ወረቀት መትቶ፣ ቀለም ቀብቶት ነው። ማግኔት ቢኖረኝ እዚያው ጎተራ ውስጥ አውቀው ነበር። አራት ጣት የሚያህል ጠርዝ የለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ አውራ ጣቴ ትዝ አለኝ። እሱ ጠርዙን ደበቀኝ፣ እኔ ስሙን ደበቅኩት። ተካካስን።

ሲደርቅ ጎኑን ማንበብ ነበረብኝ። ይህ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። መቶ ዓመት ዝገት የበላውን ጽሑፍ ቀን ላይ አታዩትም። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ ነው የምታበሩት፤ ያኔ ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። ሌላው ዘዴ ዱቄት ነው። ዱቄት ትረጫላችሁ፣ በእጃችሁ ትጠርጉታላችሁ፣ ፊደሉ ውስጥ የገባው ይቀራል። ቤት የነበረው የጤፍ ዱቄት ነው። ነጭ ጤፍ፣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቴ እንዳታይ ቆንጠር አድርጌ ነው የወሰድኩት። ክንዱ ወጣ፣ መዶሻው ወጣ። ከሥሩ የ«ኮለምበስ» የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ወጡ። በቀንዱ በኩል ባለው እግር ላይ 148 ይላል፤ እዚህ አገር የተሠራ ስለሆነ ማባዛት መደመር የለም፣ በቀጥታ ፓውንድ ነው። ከማዶ ተከታታይ ቁጥሩ ነበር። ከእሱ የተረፉት ሁለት አኃዝ ብቻ ናቸው፣ ሌላውን ዝገት በልቶታል። ቁጥሩን ይዞ ዓመቱን መፈለግ ይቻል ነበር። የእኔው አይቻልም። ዕድሜውን የማይናገር ሽማግሌ ገዛሁ።

ከዚህች ከተማ ወጥቶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ርቆ ሄዶ፣ ምናልባት ለፈረስ ኮቴ ምናልባት ለማረሻ ሲያገለግል ኖሮ፣ በአንድ ሐበሻ መኪና ተጭኖ ተመለሰ። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

የተሰበረውን ጠርዝ ልበይደው ወይ የሚለው ጥያቄ ሦስት ሳምንት አስቸገረኝ። ማስተካከል እንደሚያምረኝ ነግሬያችኋለሁ። መበየድ ይቻላል፤ ግን እንዲሁ ቀዝቃዛው ላይ ብትበይዱት አጠገቡ ያለው ስቲል ይሰነጠቃል። መስፉን በሙሉ መጀመሪያ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ታሞቁታላችሁ፣ ለሥራው የሚስማማ ኤሌክትሮድ ትጠቀማላችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በደንብ ትሸፍኑታላችሁ። 67 ኪሎ ብረት! ሙቀቱ ካመለጣችሁና ፊቱ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ደግሞ 300 ገደማ ደርሷል ማለት ነው፣ ጥንካሬው መውረድ ጀምሯል። ደፋሮች ያደርጉታል፣ የሚያምርም አይቻለሁ።

እኔ አላደረግሁትም። ሌላኛው ጠርዝ ጤነኛ ነው። የምሠራው ትንንሽ ነገር ነው፣ አንድ ጣት ከስንዝር ጠርዝ ይበቃኛል። ደግሞ ጠርዝ ሹል መሆኑ ጥሩ የሚመስለን እኛ ጀማሪዎች ነን። ሹል ጠርዝ የጋለውን ብረት ይቆርጠዋል፣ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የቆዩ ባለሙያዎች አዲስ መስፍ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጠርዙን ማዶልዶም ነው። የተሸራረፈውን በሞረድ ዳር ዳሩን ብቻ ለስለስ አደረግሁት፣ ቁራጭ እንዳይፈናጠር። አበቃ። ፊቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ተውኩት። ከቀንዱ ሥር ባለችው እርከን ላይ መሮ ያረፈባቸው ብዙ ጠባሳዎች አሉ። እርከኗ ሆን ተብላ ያልጠነከረች ናት፤ ብረት የሚቆረጠው እዚያ ነው፣ መሮው እንዳይዶለዱም። አንድ ሰው፣ ወይም አባትና ልጅ፣ ብዙ ዓመት ቆሞ የቆረጠባት ቦታ ናት። እነሱን ልፋቅ?

በመጨረሻ ዘይት። የተልባ ዘይት፣ የተቀቀለው ዓይነት። ብረቱን ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርጌ ስስ አድርጌ ቀባሁት። ቀለም ግን አይቀባም፤ የሚቀጥለው ሰው ማህተሙን ይፈልገዋል። ጋራዡ በተልባ ሽታ ሲሞላ የፆም ጊዜ ወጥ ቤታችን ትዝ አለኝ፣ የታመሰ ተልባ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አሁን ስለ መቆሚያው። እዚህ አገር የሚሉት፣ ቆማችሁ እጃችሁን ስትጨብጡ ጭብጣችሁ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን ነው። የዛፍ ግንድ ቆርጬ በዚያ ልክ አስቀመጥኩት። የደወሉን ድምፅ ለማብረድ ከተረከዙ ሥር ትልቅ ማግኔት ለጠፍኩ። (አሁንማ ማግኔት ሞልቶኛል።) ግን ቆሜ ስሠራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትክክል አይመስለኝም። የማውቀው ቀጥቃጭ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው።

ያደግሁት ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ከቤታችን ቁልቁል ወረድ ብሎ አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ። አሁን «ነበሩ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ያኔ ልጅ ሳይቀር «አንተ» ነበር የሚላቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ወናፍ እያናፋ፣ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። መስፋቸው ቀንድ የለውም፣ ተረከዝ የለውም፣ ማህተም የለውም። ጉቶ ላይ የተተከለ የብረት ጉማጅ ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ምናልባት የሆነ የጭነት መኪና አክስል። ፊቱ ግን ያበራ ነበር፣ ያን አስታውሳለሁ። ማንም ሚሊንግ አላስደረገውም፣ መዶሻው ራሱ ነው የወለወለው።

እኛ ልጆች እንዳንጠጋ ተከልክለናል። «ዓይናቸው ይበላል» ተብለናል። ምሳ ይዘን በዚያ ካለፍን በነጠላ እንሸፍነዋለን። ከዚያው ከተማ ጥግ ደግሞ ጋፋት አለ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። ትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ስንማር ደረታችን ይነፋ ነበር፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ እዚህ፣ በእኛ ሰፈር! ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደግሞ ምሳችንን ሸፍነን ነው በቀጥቃጩ ደጅ የምናልፈው። አፄ ምኒልክ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ቁልቁለቷ ላይ ግን አልደረሰም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ከመስፉ አጠገብ ስለተቀመጠ ቀጥቃጭ ያወራል፤ እሳቱ ሥጋውን ሲያቀልጠው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ሲመታው። ከተማ ያለ እነሱ አይኖርም ይላል፣ ሸንጎ ላይ ግን አይጠሩም ይላል። ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ይህን አንድም ቀን ልብ ብዬ አልሰማሁትም። ጋራዥ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት።

ባለፈው ወር እናቴን በቪዲዮ ደውዬ መስፉን አሳየኋት። ከበፊቱ ፎቶ ጋር አነጻጸረችው መሰለኝ፣ «ያኛው ያበራ ነበር፣ ይሄ ምነው ጠቆረ?» አለችኝ። አስረዳኋት። እግረ መንገዴንም ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ታች የነበሩት ቀጥቃጭ ስማቸው ማን ነበር?»

ብዙ አሰበች። «ሚስቱን አውቃታለሁ» አለች። «ምጣድ የምትሠራው። ምጣዷ አንዴም ሰንጥቆብኝ አያውቅም። እሱን ግን... ቀጥቃጩ ነበር የምንለው።»

«ስማቸውስ?»

«ማን ጠይቆት!» አለችና ትንሽ ዝም አለች። «መጥረቢያው ግን አለ። አባትህ ያሠራው። እጀታውን ሦስት ጊዜ ቀየርንለት እንጂ ብረቱ እሱ የሠራው ነው።» ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች። ከእንጨቱ ክምር ጀርባ አወጣችው። በስክሪኑ ቀንድ የሌለው፣ ማህተም የሌለው መጥረቢያ ፊቴ ላይ ተደቀነ። አገላብጪልኝ አልኳት። አገላበጠችው። ሁለቱም ጎን ባዶ ነው። ባትሪ ከጎን አብሪበት ልላት ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት።

«እና አንተ በዚያ ሁሉ ብረት ምን ልትሠራበት ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። መስቀያ፣ ቢላ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልኳት።

«ለጀበናዬ የብረት ማቶት ሥራልኝ። የሣሩን ድመቷ እየበታተነች አስቸገረችኝ።»

ማቶት ቀላል ይመስላል፤ ቀለበት ነው። ቀንዱም ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ የጋለውን ብረት አስደግፋችሁ እያዞራችሁ ክብ ለማውጣት። ግን ቀንዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ብረቱን በመታችሁ ቁጥር ካላገላበጣችሁት ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል። የመጀመሪያው ሙከራዬ የበግ ቀንድ ሆነ። ሁለተኛው ሊዘጋ እምቢ አለ። ሦስተኛውን ሠርቼ ጀበና አስቀመጥኩበት፣ ጀበናው ዘመም አለ፣ ባለቤቴ ሮጣ ያዘችው። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት።

«እንቁላል ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

አራተኛው አሁን ምድጃ ውስጥ ነው። ቀይ ሆኗል፣ ትንሽ ይቀረዋል።